ከቦሌ ኮርኒስ እስከ ዓባይ በረሃ፦ የአሸዋ ድንጋዩና ጎረቤቶቹ

ቦሌ ለሕንጻ መሠረት ሲቆፈር የሚወጣው ድንጋይ የእሳተ ገሞራ ልጅ ነው፤ ጥቁሩ ባዛልትና ትኩስ አመድ ተጣብቆ የሠራው ኢግኒምብራይት። ምሰሶውን የያዘው ሲሚንቶና ኮርኒሱን ያስጌጠው ጄሶ ግን የባሕር ትሩፋት ናቸው። ባሕሩ የት እንደነበር ማየት የፈለገ ከአዲስ አበባ በጎጃም መንገድ 185 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ ከጎሐ ጽዮን ዓባይ በረሃን ይውረድ።

አፋፉ ላይ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆነው ባዛልት አለ። ዝቅ ሲሉ የአንታሎ የኖራ ድንጋይ ይመጣል፤ ከሥሩ ነጭ ጄሶ ከሸክላ አፈር ጋር ተፈራርቆ ተነባብሯል። ወንዙ አጠገብ ደግሞ ቀላ ያለው የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ ገደል ሆኖ ቆሟል። ስሙን ያገኘው ከአዲግራት ከተማ ነው፤ በ1860 ዓ.ም. ከጄኔራል ናፒየር የእንግሊዝ ጦር ጋር የመጣው እንግሊዛዊ የጂኦሎጂ ባለሙያ ዊልያም ብላንፎርድ ነው ያወጣለት።

ይህን ድንጋይ በጣት ፈተግ ቢያደርጉት ደቃቅ የኳርትዝ አሸዋ መዳፍ ላይ ይቀራል። ቅላቱ የብረት ዝገት ነው። ገደሉን ቀረብ ብለው ቢያዩት ደግሞ በአግድም ንጣፎቹ መካከል ሰያፍ መስመሮች አሉ፤ ጥንት አሸዋውን ያጋዘው ጅረት ወደየት ይፈስ እንደነበር የሚናገሩት እነሱ ናቸው።

ታሪኩ የሚሟላው ግን ከጎረቤቶቹ ጋር ሲነበብ ነው። መጀመሪያ ወንዞች አሸዋውን ደለደሉ። በዳይኖሰሮች ዘመን ከደቡብ ምሥራቅ ባሕር ገባ፤ ጥልቀት ባልነበረው ዳርቻ ውሃው እየተነነ ጄሶውን ተወ። ባሕሩ ጥልቀት ሲጨምር ቀንድ አውጣና ዛጎል ያዘለው ኖራ ተነጠፈ። ሲሸሽ ደግሞ ወንዞች ተመልሰው ሌላ አሸዋ አለበሱት፤ ደብረ ሊባኖስ ከባዛልቱ ገደል ሥር የሚታየው የላይኛው አሸዋ ድንጋይ እሱ ነው። በመጨረሻ ላቫው ሁሉንም ከደነ፤ ዓባይና ገባሮቹም ቆርጠው ገለጡት።

የሙገር ሲሚንቶ ፋብሪካ ኖራውን የሚያወጣው በሙገር ሸለቆ ከተገለጠው ከዚያው ከባሕሩ ንብብር ነው። ዓባይ በረሃ ሲደረስ ተሳፋሪው ሁሉ በመስኮት ቁልቁል ወንዙን ይፈልጋል። ዓይናችንን ለአፍታ ወደ ግድግዳው ብናነሣ፣ የምንኖርበት ቤት ከየት እንደመጣ በተራ በተራ ተጽፎ እናገኘዋለን።