ፖስታው የማን ነው?

ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነኝ የቤተሰባችን ጉዳይ ነው። ታናሽ እህቴ ጡቷ ላይ እብጠት አግኝታ ሐኪም ዘንድ ሄደች። ሐኪሙ መረመራት፣ አልትራሳውንድ አዘዘ፣ ቀጥሎም በመርፌ ናሙና ወስዶ ለፓቶሎጂ ምርመራ ላከው። ከዚያን ቀን ወዲህ ስልክ በጮኸ ቁጥር ቤቱ ጸጥ ይላል። እሷው ፈቅዳልኝ የምጽፈው፣ ውጤት የሚጠበቅበትን ጊዜ እኛ ዘመዶች እንዴት ልናሳልፈው ይገባል በሚለው ላይ ነው።

በመጀመሪያ ውጤቱ ለምን እንደሚዘገይ እንረዳ። ከጡት የተወሰደው ናሙና ፎርማሊን ውስጥ ይቆያል። ከዚያ በሰም ውስጥ ይቀመጥና ከፀጉር እጅግ በቀጠነ ስስ ንጣፍ ይቆረጣል፤ መስታወት ላይ ተደርጎም ቀለም ይነከራል። በመጨረሻ ፓቶሎጂስቱ በማይክሮስኮፕ ያነበዋል። አንዳንድ ጊዜ ጥርጣሬን ለማጥራት፣ ወይም ካንሰር ከሆነ ለየትኛው መድኃኒት እንደሚመች ለመለየት ተጨማሪ ምርመራ ያስፈልጋል። ስለዚህ ውጤቱ ዘገየ ማለት መጥፎ ነው ማለት አይደለም። በአንጻሩ "ካልደወሉ ደህና ነው" ብሎ መቀመጥም ስህተት ነው። ቀኑ ካለፈ ሄዶ መጠየቅ የዘመድ ሥራ ነው።

የጡት እብጠት ሁሉ ካንሰር አይደለም። በወጣት ሴቶች ላይ አዘውትሮ የሚታየው ፋይብሮአዴኖማ የሚባለው እብጠት ካንሰር አይደለም፤ ውኃ የቋጠረም አለ፣ ኢንፌክሽንም አለ። "መርፌ ከነካው ይሰራጫል" የሚለውን የሠፈር ወሬም የሕክምና ሳይንስ አይደግፈውም። በአገራችን ሴቶችን በብዛት የሚያጠቃው ካንሰር የጡት ካንሰር ሲሆን፣ ብዙዎቹን የሚጎዳው መርፌው ሳይሆን ሐኪም ዘንድ ዘግይቶ መድረስ ነው። ጸበሉም ጸሎቱም ለሚያምን ሰው ብርታት ነው፤ የቀጠሮውን ቀን ግን አይተካም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ከሃያ ዓመት በፊት አክስታችን ተመሳሳይ ምርመራ አድርገው ነበር። በፖስታ የታሸገውን ውጤት የተቀበልኩት እኔ ነበርኩ፤ ደረጃው ላይ ቆሜ ቀደድኩት። ካንሰር ነው ይላል። ቤተሰቡ ተሰብስቦ መከረና "ልባቸው አይችልም" ተባለ፤ እሳቸውን "ትንሽ ኢንፌክሽን ነው፣ በቶሎ ይወጣል" አልናቸው። እሳቸውም "ለኢንፌክሽንማ ፋሲካን ልዋልና" ብለው የቀዶ ሕክምናውን ቀጠሮ አሳለፉ። አጥብቀን ስንጨቀጭቃቸው ነገሩ ገባቸው። "ቤቱ በሙሉ የሚያውቀውን እኔ ብቻ ነኝ የማላውቀው?" ሲሉ የመለሰላቸው ሰው አልነበረም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንላለን። በእኛ ቤት ግን የደበቅነው እኛ ሆነን ቀኑ ያለፈባቸው እሳቸው ነበሩ።

የሚያሳፍረው ደግሞ በዚያን ጊዜ የሕግ ምሩቅ መሆኔ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 399፣ ሐኪምም ሆነ ነርስ በሙያው ያወቀውን ሚስጥር ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ቢገልጥ፣ አቤቱታ ሲቀርብበት እንደሚቀጣ ይደነግጋል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም በአንቀጽ 20፣ ሰው ለሕክምና ምርመራ ወይም ለሕክምና እምቢ ለማለት እንደሚችል በመርሕ ደረጃ ያስቀምጣል። እምቢ ለማለትም ሆነ እሺ ለማለት በቅድሚያ ማወቅ ያስፈልጋል። ወንድም፣ ባል ወይም ልጅ መሆን ብቻውን የውጤቱ ባለቤት አያደርግም። ሕጉ ሐኪሙን ይመለከታል፤ እኛን የሚመለከተው ኅሊና ነው።

መፍትሔው ውጤቱ ሳይደርስ በፊት መጠየቅ ነው። "ከሐኪሙ ስትሰሚ ማን አብሮሽ ይግባ? ሁሉንም በዝርዝር መስማት ትፈልጊያለሽ? ለማን እንንገር፣ ለማንስ እንቆይ?" ብሎ መጠየቅ። "አንተ ቀድመህ ስማልኝ" ካለች ይህም መብቷ ነው፤ ልዩነቱ ውሳኔው የእሷ መሆኑ ላይ ነው። ለሐኪሙ የሚቀርቡትን ጥያቄዎች አስቀድሞ በወረቀት መጻፍ ይጠቅማል፤ በድንጋጤ ጊዜ ጆሮ ብዙ አይሰማምና። ናሙናውን ወደ ላቦራቶሪ ይዞ የሚሄደው ዘመድ ከሆነ፣ ዕቃው ላይ ያለው ስምና የካርድ ቁጥር ከመጠየቂያው ወረቀት ጋር አንድ መሆኑን ያረጋግጥ። የውጤቱም ኮፒ ቤት ይቀመጥ።

ከዚህ በተረፈ ልጆቿን ከትምህርት ቤት ማምጣት፣ ወጡን መሥራት፣ ጠያቂ እንዳይበዛባት በዘዴ መመለስ ከብዙ ምክር ይበልጣል። "እገሊትም እንዲሁ ጀምሯት ነበር" የሚለውን ወሬ ከደጅ መመለስ ነው። "ምንም አይደለም" ማለትም አይጠቅምም፤ ማይክሮስኮፑን ያየ ሰው ከመሐላችን የለም። "ምንም ይሁን ምን አብረን ነን" ማለት ግን እንችላለን፤ ይህ ውሸት የለበትም።

እህቴን ጠየቅኳት። ጥቂት አሰበችና "ወንድምዬ፣ አብረኸኝ ግባ፤ ፖስታውን ግን እኔ ነኝ የምከፍተው" አለችኝ። ይህ ጽሑፍ እስከተጻፈበት ሰዓት ድረስ ውጤቱ አልደረሰም። ነገ ጠዋት ሄደን እንጠይቃለን። ቸር ወሬ ያሰማን።