መንኮራኩርዎ ይንከባለላልን?

አንድ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ዐሥራ ሁለት ወጣቶች በማስተምርበት ክፍል ተሰበሰቡ። ግማሾቹ የማታ ተማሪዎች፣ ግማሾቹም በየመሥሪያ ቤቱ ሥራ ከጀመሩ ሁለት ዓመት ያልሞላቸው ነበሩ። የተሰበሰብነው ለፈተና ጥናት አልነበረም፤ እያንዳንዱ ኑሮውን በምን በምን እንደሚያውለውና የትኛው ወገን እንደተጎዳበት ራሱ እንዲመረምር ነበር እንጂ።

መሣሪያው ቀላል ነው። በወረቀት ላይ ክብ ይሳልና እንደ ጋሪ እግር በስምንት ይከፈላል፤ ጤና፣ ሥራ፣ ገንዘብ፣ ትምህርት፣ ቤተሰብ፣ ወዳጅነት፣ ዕረፍት፣ መንፈሳዊ ኑሮ ተብሎ ይጻፍበታል። መካከሉ 0፣ ጠርዙ 10 ነው። ሰውየው በየወገኑ ምን ያህል እንደረካ በነጥብ ያመለክትና ነጥቦቹን በመስመር ያገናኛል። ይህን ዘዴ ያወጡት በአሜሪካ አገር ስለ ራስ ማሻሻል የሚያስተምር ድርጅት በ1960 እ.ኤ.አ. ያቋቋሙት ፖል ጄ. ማየር ናቸው ይባላል። መስመሩ ተጣሞ የወጣበት አንዱ፣ «ይህ መንኮራኩር እንኳን ሊሄድ መቆምም አይችል!» ቢል ክፍሉ በሳቅ ተሞላ።

እኔ ግን ስሕተት ሠራሁ። ቁጥራችሁን ተራ በተራ አንብቡ አልሁ። የመጀመሪያዎቹ አራት ሰዎች ሁሉንም 7ና 8 አደረጉት፤ ገመናውን በአደባባይ የሚያሰጣ ማን አለ? አምስተኛው በአንድ መዝገብ ቤት የሚሠራ ወጣት ነበር። «ገንዘብ 2፣ ዕረፍት 1፣ ቤተሰብ 9» ብሎ ዝም አለ። እኔም እንደ ልማዴ ጠመኔዬን አንሥቼ፣ «እንግዲህ ከዘጠኙ ቀንሰው ለሁለቱ ቢጨምሩለት...» ስል፣ «መምህር፣ ከዘጠኙ የሚቀነሰው የእናቴ የመድኃኒት ገንዘብ ነው» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ሥርዓቱን ለወጥን። አንባቢ ሆይ፣ ከባልንጀሮችዎ ጋር ይህን ለመሞከር ቢያስቡ ከዚሁ ይጀምሩ። ወረቀቱን ከባለቤቱ በቀር ማንም አያይም፤ ሁለት ሁለት ሆነው ሲነጋገሩም ሰው ሊናገር የወደደውን ብቻ ይናገራል። ክፍፍሉንም እንደ ኑሯችን አስተካከልነው፤ «ቤተሰብ» የሚለው በአንድ ጣሪያ ሥር ያሉትና አገር ቤት የሚጦሩት ተብሎ ለሁለት ተከፈለ፤ ዕድርና ዕቁብም ቦታ አገኙ።

ቀጥሎም በየነጥቡ አጠገብ ከሳምንቱ 168 ሰዓት ለዚያ ወገን የዋለውን አስጻፍሁ። ለእንቅልፍ 56፣ ለመደበኛ ሥራ 40 ቢነሣ 72 ይቀራል። «ጊዜ የለኝም» ሲሉ የነበሩት ይህን ባዩ ጊዜ እርሳሳቸውን ነከሱ። አንዲት የማታ ተማሪ ግን 72ቱን ብትመነዝረው፣ 18 በታክሲ ሰልፍና በመንገድ፣ 20 በትምህርት፣ 21 በማብሰል፣ በልብስ አጠባና ልጅ በመጠበቅ አለቀ። የቀሩት 13 ናቸው፤ መብላትና መታጠብም ከዚያው ነው። እርሷን «ጊዜሽን አደላድዪ» ማለት ምን ይጠቅማል? ወንድሟ እሑድ እሑድ ልጁን ቢይዝላት ግን 5 ሰዓት ታተርፋለች፤ ይህንንም ያሰበችው ራሷ ነች።

የመዝገብ ቤቱ ወጣት ሊወጣ ሲል ሳልጠይቀው ወረቀቱን አሳየኝ። 9ኙን አልነካውም። ዕረፍት ከሚለው አጠገብ «ቅዳሜ ከ10 ሰዓት በኋላ፣ ኳስ» ብሎ ጽፏል።

«የገንዘቡን ገና አላገኘሁለትም» አለና ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው።