የነጭ ሽንኩርት ዘርና የጓሮ መሬት

እስራኤል በምድረ በዳ ሳሉ መናው ሰልችቷቸው በግብፅ የበሉትን ዓሣና ነጭ ሽንኩርት እያሰቡ እንዳለቀሱ በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 11 ተጽፎ እናገኛለን። ማጕረምረማቸው አይመሰገንም፤ ነገር ግን ያለ ነጭ ሽንኩርት ወጥ ሠርታ የምታውቅ የቤት እመቤት ኀዘናቸውን በጥቂቱ ሳትረዳው አትቀርም። በእኛም ቤት በጾም ለሽሮው፣ በፍስክ ለዶሮው፣ በርበሬ ሲደለዝም ያለ እርሱ አይሆንም።

ክብረ መንግሥት፣ አዶላም የምትባለው ከተማ፣ ስሟ የሚጠራው በወርቅ ነው። ሆኖም ወርቅ የማይቈፍር፣ ጓሮ ግን ያለው ቤተ ሰብ ብዙ ነውና ስለዚህ አትክልት ጥቂት ልንጽፍ ወደድን።

ነጭ ሽንኩርት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ያገሩ ዘር ብዙውን ጊዜ ራሱ ትንሽ፣ ፍሬውም ቀጭን ሆኖ ለመላጥ ያታክታል፤ ሽታው ግን ብርቱ ስለ ሆነ ለበርበሬና ለመድኀኒት የሚሹት አሉ። ከምርምር ከወጡትም ውስጥ የደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል ያወጣቸው ቢሾፍቱ ነጭ፣ ፀደይ 92 እና ኩሪፍቱ፣ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲም ያወጣው ጨለንቆ 1 ይገኛሉ። ይሁን እንጂ ነጭ ሽንኩርት ራስ ለመቋጠር ብርድ ይሻል። ክብረ መንግሥት ከባሕር ወለል በላይ 1,750 ሜትር ገደማ ስትሆን ቦሬ ከ2,500 ሜትር ይበልጣል፤ ስለዚህ በደጋ ያማረው ዘር ከእኛ ዘንድ ያምር እንደ ሆነ በአንድ መደብ ሳይፈትኑ ጓሮውን ሁሉ መሸፈን አይገባም።

ዘሩ ራሱ ፍሬው ነው። በመስመር መካከል 30፣ በተክል መካከል 10 ሳንቲ ሜትር ቢተው አንድ መቶ ካሬ ሜትር 3,300 ያህል ፍሬ ይፈልጋል። አንዱ ራስ 12 ፍሬ ቢኖረው 275 ራስ መሆኑ ነው። እንግዲህ ገበሬው ከአሥሩ ራስ አንዱን፣ ያውም ትልቁንና ጤነኛውን፣ ለዘር ማስቀረት ይኖርበታል።

የጨነቀው ሰው ግን የዘሩን ራስ ጭምር ይሸጥና በተከላ ወራት ከገበያ ይገዛል። እኔም እንዲህ አድርጌ ነበር። በሦስተኛው ወር ቅጠሉ ቢጫ ሆነ፤ ብነቅለው ሥሩ ነጭ ሻጋታ ለብሶ፣ በላዩም ጥቋቁር ቅንጣት ተዘርቶበት አገኘሁ። ዘሩን የሸጠልኝን ሰው አልከስም፤ እርሱም አላወቀም ይሆናል። ያ ጥቁር ቅንጣት ግን በመሬት ውስጥ ከ20 ዓመት በላይ ሊቈይ ይችላል፤ ቀይ ሽንኩርትንም ያጠቃል፤ በዶማና በጫማ ጭቃም ይሻገራል። ዛሬ ፊደል የሚቈጥረው ልጄ ልጅ ሲወልድ ምናልባት ያ መደብ ነጭ ሽንኩርት ይቀበል ይሆናል። እስከዚያው ጎመንና ባቄላ እየዘራሁበት ነው፤ ዶማውንም ሳላጥብ ወደ ሌላው መደብ አልሻገርም።

ሽያጩን በተመለከተ፣ ሁሉም ባንድ ሰሞን ሲነቅል ዋጋው መውደቁ የታወቀ ነው። እርጥቡን ወዲያው ከመስጠት ይልቅ ሁለት ሦስት ሳምንት ነፋስ በሚገባበት ጥላ አድርቆ፣ በቅጠሉ ጐንጕኖ መስቀል ይሻላል፤ የደረቀው ለወራት ይቈያልና ባለቤቱ ገበያውን መጠበቅ ይችላል። ትልቁን ከትንሹ፣ ያገሩንም ከምርምሩ ለይቶ መሸጥ ለሁለቱም ገዢውን ያመጣል። የዘሩን ጕንጕን ግን ከማድ ቤቱ አርቆ መስቀል ነው፤ አለዚያ ወጥ ሠሪዋ እጇን ትሰነዝርበታለች።