ራውተር በደጋ ከተማ፦ ለደብረ ብርሃን ቤት የትኛው ይበረታል?

ራውተር ሊገዛ ሱቅ የገባ የደብረ ብርሃን ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስም ነው። ቲፒ ሊንክ ይሻላል ወይስ ቴንዳ? የሚበረታው ሁዋዌ ነው ወይስ ዜድቲኢ? ጥያቄው ተገቢ ነው። ራውተር ሲበላሽ የልጆች ትምህርት፣ የነጋዴው ሂሳብና ውጭ አገር ካሉ ዘመዶች ጋር የሚደረገው ወሬ አብሮ ይቆማል። ነገር ግን ስም ብቻውን መልስ አይሆንም። በሰሜን ሸዋ ደጋ ላይ የራውተርን ዕድሜ ከስሙ ይልቅ የሚወስኑት አራት ነገሮች ናቸው፤ እነሱም የቦታው ከፍታ፣ መብራቱ፣ ወደ ቤት የሚገባው መስመርና የሳጥኑ ሶፍትዌር ናቸው።

በመጀመሪያ ከዕቃው ጋር እንተዋወቅ። ራውተር ትንሽ ኮምፒውተር ነው። ከውጭ የመጣውን አንድ መስመር ለስልኩ፣ ለላፕቶፑና ለቴሌቪዥኑ ያካፍላል፤ እያንዳንዱ መልእክት ወደ ጠየቀው ዕቃ እንዲደርስም ይመራል። የሚሽከረከር አካል የለውም፤ የቤት ራውተሮች አብዛኞቹ ማራገቢያ እንኳ የላቸውም። ቀንና ሌሊት ሳያርፉ ይሠራሉ። በመሆኑም ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚሞተው ዋናው ቺፕ ሳይሆን የኃይሉ ክፍል ነው፤ ማለትም አዳፕተሩና በውስጥ ያሉት ካፓሲተሮች። ካፓሲተር በውስጡ ፈሳሽ አለው፤ ሙቀት ሲበዛበት ፈሳሹ ይደርቃል። ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት መለኪያ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በጨመረ ቁጥር የካፓሲተሩ ዕድሜ በግማሽ ያህል ያጥራል ይላል። ራውተርን በዳንቴል መሸፈን ወይም ከቴሌቪዥኑ ጀርባ መወተፍ ዕድሜውን የሚቀንሰው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ስሞቹ እንምጣ። ዜድቲኢ እ.ኤ.አ. በ1985፣ ሁዋዌ በ1987፣ ቲፒ ሊንክ በ1996፣ ቴንዳ ደግሞ በ1999 ተመሥርተዋል፤ አራቱም የቻይናዋ የሼንዘን ከተማ ልጆች ናቸው። ዲ ሊንክ የታይዋን፣ ሚክሮቲክ የላትቪያ ኩባንያ ነው። ሁዋዌና ዜድቲኢ የአገር ኔትወርክ የሚዘረጉ ናቸው። በ2005 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም 1.6 ቢሊዮን ዶላር የሚያወጣውን የማስፋፊያ ሥራ ለሁለቱ ማካፈሉ ይታወሳል። ከቋሚ መስመር ጋር ወደ ቤት የሚመጣው ሳጥን በብዛት የእነሱ የሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው። ቲፒ ሊንክና ቴንዳ ደግሞ ደንበኛው ራሱ ከሱቅ የሚገዛቸው ናቸው።

አምራቾች ስለ አስተማማኝነት ሲናገሩ አንድ ቁጥር ይጠቅሳሉ፤ በሁለት ብልሽቶች መካከል ያለውን አማካይ ሰዓት። ለምሳሌ ሚክሮቲክ ለአንዳንድ ሞዴሎቹ በ25 ዲግሪ ሙቀት 100,000 ሰዓት ያህል ብሎ ይጽፋል። ይህ ከ11 ዓመት በላይ ቢሆንም አንድ ዕቃ 11 ዓመት ይቆያል ማለት አይደለም። ትርጉሙ በጥሩ ሁኔታ ከተያዙ 100 ዕቃዎች ውስጥ በዓመት ዘጠኝ ያህሉ ሊበላሹ ይችላሉ ነው። ቁጥሩ የሚሠራው ሙቀቱም መብራቱም በተስተካከለበት ቦታ መሆኑን አንርሳ።

ስም ሌላም ነገር ይደብቃል። አንድ ሞዴል በየጊዜው ውስጡ ይቀየራል። በአገራችን ገበያ የሚታወቀው የቲፒ ሊንክ 840 ኤን ከመጀመሪያዎቹ እትሞች ወደ ኋለኞቹ ሲሻገር ዋናው ቺፑ የሌላ ኩባንያ ሆኗል። ስለዚህ ጎረቤት ለዓመታት ተጠቅሞ ያመሰገነው ራውተርና ዛሬ በተመሳሳይ ካርቶን የሚሸጠው አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። ከጀርባው ወይም ከሥሩ በተለጠፈው ወረቀት ላይ የእትሙ ቁጥር አለ፤ ማወዳደር ያለብን ያንን ጭምር ነው።

አሁን ወደ ከፍታው እንውጣ፤ የእኛ አካባቢ ጉዳይ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ርቃ ያለችው አንኮበርም ከ2,400 ሜትር በላይ ናት። በደብረ ብርሃን የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ከሩብ በላይ ይቀንሳል። የሳሳ አየር ሙቀትን በደንብ አይወስድም፤ ይህን የአካባቢው ብርድ ይክሰዋል። የማይካሰው ግን ሌላ ነው። በአዳፕተሩ ውስጥ 220 ቮልት ያለበት ወገን ከዝቅተኛው ቮልት ወገን የሚለየው በክፍተት ነው፤ አየር ሲሳሳ ደግሞ ብልጭታ ክፍተቱን በቀላሉ ይሻገራል። ዓለም አቀፉ ደረጃ እስከ 2,000 ሜትር የሚበቃው ክፍተት በ3,000 ሜትር ላይ 1.14 እጥፍ እንዲሆን የሚጠይቀው በዚህ ምክንያት ነው። የቻይና የደኅንነት ደረጃም እስከ 2,000 ሜትር ብቻ ታስቦ የተሠራ ዕቃ የተራራ ምስልና ይኸው ቁጥር ያለበት ምልክት እንዲለጠፍበት ያዛል። አዳፕተሩን ገልብጠው ይመልከቱ። ያ ምልክት ካለበት ዕቃው ወዲያው ይቃጠላል ማለት አይደለም፤ ለእርስዎ ከተማ ከፍታ ተብሎ አልተሠራም ማለት ነው። 5,000 ሜትር የሚል ከተገኘ እሱን ይምረጡ።

ቀጥሎ መብራት። የራውተር አዳፕተሮች በአብዛኛው ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላሉ፤ ስለዚህ መብራት ሲደክም ብዙ አይጎዱም። የሚጎዳቸው ጠፍቶ ሲመጣ የሚከተለው ድንገተኛ ግፊት ነው። መብራት ሲጠፋ ነቅሎ፣ ሲመጣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ መሰካት ምንም ወጪ የሌለው መከላከያ ነው። ሚኒ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ራውተሩን የሚያቆይ ትንሽ ባትሪ) የሚገዛ ሰው የራውተሩን ቮልት አስቀድሞ ይይ፤ 5፣ 9 እና 12 ቮልት የሚፈልጉ አሉ፣ ሶኬታቸው ግን ሊመሳሰል ይችላል። የተቃጠለ አዳፕተርን በሌላ ሲቀይሩም እንዲሁ ነው፤ ቮልቱ እኩል፣ አምፔሩ እኩል ወይም የሚበልጥ መሆን አለበት። በአንኮበር ገጠር በሶላር የሚጠቀሙ ደግሞ አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ 12 ቮልት የሚባለው ባትሪ ቻርጅ ሲያደርግ ከ14 ቮልት በላይ ይወጣል። ለ12 ቮልት ብቻ የተሠራን ራውተር በቀጥታ ከባትሪው ጋር ማገናኘት ሊያቃጥለው ይችላል። ብዙዎቹ የሚክሮቲክ ሞዴሎች ሰፊ የቮልት መጠን መቀበላቸው እዚህ ላይ ይጠቅማል።

ሦስተኛው መስመሩ ነው። በክረምት ነጎድጓድ ሲበረታ የመዳብ የስልክ ሽቦ ግፊቱን ይዞ ቤት ይገባል፤ ራውተሩ ከመብራት ቢነቀል እንኳ ከስልክ መስመሩ ካልተነቀለ አልዳነም። ፋይበር መስታወት ስለሆነ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። በሲም ካርድ የሚሠራ ራውተር ሽቦ አያስፈልገውም፤ ሆኖም ዕጣው ከሞባይል ኔትወርኩ ጋር ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ የትኛውም ስም ሲም ራውተርን ሊያድነው አይችልም ነበር። በአንኮበር ደግሞ ተራራና ገደል ሞገዱን ይጋርዳል፤ ሳጥኑን የሞባይል ኔትወርኩን ማማ ወደሚያየው መስኮት ማዛወር ውድ ዕቃ ከመግዛት የበለጠ ለውጥ ሊያመጣ ይችላል። ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ባለው ቤትም 5 ጊጋ ኸርዝ ከ2.4 ጊጋ ኸርዝ ይልቅ ቶሎ ይደክማል። ዋይፋዩ ጓዳ አልደርስ ያለው ሁሉ ራውተሩ ስለተበላሸ አይደለም።

የመጨረሻው ሶፍትዌር ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2016 በጀርመን ዶይቸ ቴሌኮም 900,000 ያህል ደንበኞች በአንድ ጊዜ ችግር ላይ የወደቁት ዕቃቸው ስለተቃጠለ አልነበረም፤ በራውተሮች ላይ የተከፈተ የኢንተርኔት ጥቃት ነበር ያሰናከላቸው። አምራቹ ማዘመን ያቆመለት ሞዴል አካሉ ጤነኛ ቢሆንም በሩ ክፍት ነው። ዲ ሊንክ ዘመናቸው አልፏል ላላቸው ሞዴሎች ጥገና እንደማያወጣ በይፋ ተናግሯል። ርካሽ አሮጌ ዕቃ ሲገኝ ይህን ማሰብ ይገባል። ከፋብሪካ የመጣውን የማስተዳደሪያ ፓስወርድ በዚያው ቀን መቀየርም ግዴታ ነው።

እንግዲህ ፍርዴ ይህ ነው። ፋይበር የገባለት ቤት ቴሌኮሙ ያመጣውን ሳጥን ይያዝ፤ በሌላ ለመተካት አይድከም። ዋይፋዩ ካነሰው ከኋላው የቲፒ ሊንክ ወይም የቴንዳ ራውተር ይጨምር፤ በሁለቱ መካከል የሚለየው ስሙ ሳይሆን እትሙ፣ አዳፕተሩና የሚያገኘው ማሻሻያ ነው። የሚያዋቅር ባለሙያ ያለው ትምህርት ቤት፣ ሆቴል ወይም ካፌ ሚክሮቲክን ቢመርጥ አይቆጭም።

የሚጎድለን የራሳችን መረጃ ነው። አምራቾች የሚሰጡን ቁጥር የደብረ ብርሃንን ከፍታና መብራት አያውቅም፤ የሚያውቁት የከተማችን ጠጋኞች ናቸው። እያንዳንዱ ጥገና ቤት የመጣለትን ራውተር ሞዴልና እትም፣ የተገዛበትን ዓመት፣ የተቃጠለውን ክፍልና ወሩን በአንድ ደብተር ቢመዘግብ፣ በ1999 ዓ.ም. የተከፈተው ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲም የምሕንድስና ተማሪዎቹን ልኮ ቢያጠናቅረው፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለደጋ ከተሞች ሁሉ የሚያገለግል እውነተኛ ንጽጽር ይኖረናል። ጠጋኞችና መምህራን ሆይ፣ ደብተሩን ከዘንድሮው ክረምት ጀምሩት።