ስምንት ሰዓት ከ13 ደቂቃ

የአርሲ ደጋ ከአሰላ ወደ ደቡብ በበቆጂ፣ ወደ ምሥራቅ ደግሞ በጢቾ በኩል ይዘረጋል። በቆጂ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው 71 በመቶ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ አንድ ልጅ በሚስበው እያንዳንዱ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን ከአንድ አራተኛ በላይ ይቀንሳል። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ የከተማዋ ነዋሪ 17 ሺህ ገደማ ነበር።

ወደዚህች ከተማ ከሐረር የመጡት የስፖርት መምህር ስንታየሁ እሸቱ መጀመሪያ የሚመኙት እግር ኳስን ነበር። በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ሲያስተምሩ ካዩዋቸው ልጆች አንዷ ደራርቱ ቱሉ ናት። ከእርሷ በኋላ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ በእጃቸው አልፈዋል። በበቆጂ ከ30 ዓመት በላይ አሠልጥነዋል፤ 30 ዓመት 10,957 ቀን ነው።

የእነዚህ ቀናት ውጤት በሜዳሊያ ሲቆጠር እንዲህ ነው። ከ1984ቱ ባርሴሎና እስከ 2008ቱ ሪዮ በተካሄዱት 7 ኦሊምፒኮች፣ ከበቆጂና ከአካባቢዋ የወጡ 8 ሯጮች 10 ወርቅ፣ 3 ብርና 5 ነሐስ አግኝተዋል። ከወርቆቹ ዘጠኙ የአራቱ የስንታየሁ ተማሪዎች ናቸው፦ የቀነኒሳ 3፣ የጥሩነሽ 3፣ የደራርቱ 2፣ የፋጡማ 1። አሥረኛው የማራቶኗ ቲኪ ገላና ነው። ከባርሴሎና እስከ 2004ቱ ለንደን ኢትዮጵያ ያገኘችው ወርቅ በጠቅላላው 16 ነበር። የአሰላው ኃይሌ ገብረሥላሴ 2 ወርቆችና የኢቴያው ገዛኸኝ አበራ 1 ወርቅ ሲደመሩ፣ ከ16ቱ 13ቱ የአርሲ ልጆች ናቸው። እነዚህን ልጆች አዲስ አበባ ሲደርሱ በብሔራዊ ቡድን የተቀበሏቸው፣ እንደ ዶክተር ወልደመስቀል ኮስትሬ ያሉ አሠልጣኞችም በዚህ ቁጥር ውስጥ ድርሻ አላቸው።

የበቆጂዎቹ 10 ወርቆች ስንት ሩጫ ናቸው? የ10,000 ሜትር 6 ድሎች 60 ኪሎ ሜትር፣ የ5,000 ሜትር 2 ድሎች 10 ኪሎ ሜትር፣ ሁለት ማራቶኖች 84 ኪሎ ሜትር ከ390 ሜትር፤ በድምሩ 154 ኪሎ ሜትር ከ390 ሜትር። የአሥሩ የፍጻሜ ውድድሮች ሰዓት ሲደመር 8 ሰዓት ከ13 ደቂቃ ከ36 ሰከንድ ይመጣል። አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት ከ18 ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ ነው። በዚህ ፍጥነት አንድ ሰው ከአዲስ አበባ ጠዋት በ12 ሰዓት ተነስቶ ያለ ዕረፍት ቢሮጥ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ከ13 ደቂቃ ሲሆን አዳማን ከኋላው ትቶ፣ ኢቴያን አልፎ፣ አሰላ ለመግባት 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀረዋል። ዓለም በእነዚህ ወርቆች ያየው ሩጫ ይኸው ነው። የቀረው ሁሉ ልምምድ ነበር።

ከወርቁ ውጪ ያሉት ቁጥሮችም ከዚህ አያንሱም። ቀነኒሳ በነሐሴ 1997 ዓ.ም. ብራሰልስ ላይ 10,000 ሜትርን በ26:17.53 ሲጨርስ እያንዳንዱን የ400 ሜትር ዙር በአማካይ በ63.1 ሰከንድ ሮጧል፤ ያውም 25 ጊዜ ተከታትሎ። ያ ክብረ ወሰን ከ15 ዓመት በላይ ቆየ። በ1996 ዓ.ም. ሄንግሎ ላይ በ5,000 ሜትር ያስመዘገበው 12:37.35 ደግሞ ከ16 ዓመት በላይ አልተነካም። የጥሩነሽ ታናሽ እህት ገንዘቤ ዲባባ በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ሞናኮ ላይ 1,500 ሜትርን በ3:50.07 ሮጣ፣ 22 ዓመት ገደማ የቆየውን የዓለም ክብረ ወሰን በ0.39 ሰከንድ አሻሻለች።

ከሁሉ የሚገርመው ግን የሁለት ዘመዳሞች ሰዓት ነው። ደራርቱ በባርሴሎና በ10,000 ሜትር ወርቅ ያገኘችው በ31:06.02 ነው። በዚያ ድል ኦሊምፒክ ላይ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሆነች። ከ24 ዓመት በኋላ ጥሩነሽ በሪዮ በዚያው ርቀት በ29:42.56 ገባች፤ ያገኘችው ነሐስ ነው። ልዩነቱ 83.46 ሰከንድ ነው። ሁለቱ ሩጫዎች በአንድ መም ላይ ጎን ለጎን ቢሮጡ ኖሮ፣ የሪዮዋ ጥሩነሽ ለነሐሱ መስመሩን ስትረግጥ የባርሴሎናዋ ደራርቱ ለወርቁ ገና ከ440 ሜትር በላይ፣ ማለትም ከአንድ ሙሉ ዙር በላይ፣ ይቀራት ነበር።