ወንዝ ሲሞላ፦ የብቸኛው ቀዛፊ ከባድ ውሳኔ

«ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል» የሚለው ብሂላችን ረጅም ወንዝን ለብቻው በጀልባ ለሚወርድ ሰው ምሳሌ ብቻ ሳይሆን በየዕለቱ የሚገጥመው እውነት ነው። ወንዙ ሲሞላ ጀልባዋ ትፈጥናለች። ትናንት 40 ኪሎ ሜትር የተጓዘ ቀዛፊ ዛሬ በዚያው ድካም ወደ እጥፉ ሊጠጋ ይችላል። አደጋውም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ ሙላት ፍጥነትን እየሰጠ መቆሚያን ይነሣል።

ለዚህ የአሜሪካው ሚሲሲፒ ጥሩ ማሳያ ነው። በሚኒሶታ ግዛት ከሚገኘው የአይታስካ ሐይቅ ተነሥቶ 3,770 ኪሎ ሜትር ያህል በመፍሰስ ወደ ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ የሚገባውን ይህን ወንዝ ከጫፍ እስከ ጫፍ በቀዘፋ ለመውረድ የሚነሡ ሰዎች በየዓመቱ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 ግን ወንዙ በሉዊዚያና ባተን ሩዥ ከተማ ለ211 ተከታታይ ቀናት ከጎርፍ ደረጃ በላይ ሆኖ ቆየ። በ1927ቱ ታላቅ ጎርፍ የተመዘገበው ክብረ ወሰን 135 ቀን ነበር። ኒው ኦርሊንስን ከመጥለቅለቅ ለማዳን የተሠራው የቦኔ ካሬ ማስተንፈሻም በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ተከፈተ።

ወንዝ ሲሞላ የሚፈጥነው ለምንድን ነው? ውኃ ከወንዙ ወለልና ከዳርቻው ጋር እየተሻሸ ስለሚፈስ ሰበቃው ፍጥነቱን ይገታዋል። ጥልቀቱ ሲጨምር ግን ከወለሉ ርቆ የሚፈሰው ውኃ ስለሚበዛ የሰበቃው ድርሻ ያንሳል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ደግሞ ውኃው በመንገዱ ላይ በቆመ ነገር ላይ የሚያሳርፈው ግፊት ወደ አራት እጥፍ ያድጋል።

ይህ ለቀዛፊው ምን ማለት እንደሆነ ቀላል ስሌት ያሳያል። ጭነት በያዘች ጀልባ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር መቅዘፍ የሚችል ሰው በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር በሚፈስ ወንዝ ላይ ቢሆን ቁልቁል በ13 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ይነጉዳል። ያሰበው ማረፊያ አምልጦት ጀልባዋን ቢያዞር ግን ባለ በሌለ ጉልበቱ ሽቅብ እየቀዘፈም በሰዓት 3 ኪሎ ሜትር ቁልቁል መውረዱ አይቀርም። ያለፈውን ማረፊያ ተመልሶ አያገኘውም።

ማረፊያውም ቢሆን እየጠፋ ይሄዳል። መንገደኞች ድንኳን የሚተክሉባቸው የአሸዋ ደሴቶች ከውኃ በታች ይሆናሉ። ወንዙ ከአልጋው ወጥቶ እስከ ጎርፍ መከላከያው የአፈር ግድብ ድረስ ያለውን ጫካ ይሞላል። ከሩቅ መጠለያ የሚመስለው ይህ ጫካ ወጥመድ ነው፤ ዛፎቹ እንደ ወንፊት ውኃውን አሳልፈው ጀልባውንና ሰውን ያስቀራሉ።

በዚህ ላይ ቀዛፊ ጀርባውን ለሚሄድበት አቅጣጫ ሰጥቶ ነው የሚጓዘው። ከዳርቻ ተነቅሎ የሚንሳፈፍ ግንድ ወይም ከሰመጠ የድንጋይ ክትር በላይ የሚሽከረከር አዙሪት መኖሩን ለማወቅ በየጊዜው መዞር አለበት፤ ብቻውን ነውና የሚያይለት ሌላ ዓይን የለም። 15 የጭነት ጀልባዎችን አያይዞ የሚገፋ መርከብ ደግሞ ጭነቱ ብቻ ወደ 300 ሜትር ይረዝማል፤ ለመቆምም ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ሊፈልግ ይችላል። መንገድ መልቀቅ ያለበት ትንሹ ነው።

የምሥራቹ የሚሲሲፒ ሙላት በድንገት አለመምጣቱ ነው። በሰሜን የቀለጠው በረዶና የዘነበው ዝናብ ታችኛው ወንዝ እስኪደርስ ቀናትና ሳምንታት ይወስዳል። የውኃ ከፍታ መለኪያዎች ንባብና የሚቀጥሉት ቀናት ትንበያ ለማንም ክፍት ስለሆኑ ቀዛፊው ከእጅ ስልኩ ሊያያቸው ይችላል። ስለዚህ የሚጎድለው ብዙውን ጊዜ መረጃ ሳይሆን የመቆም ውሳኔ ነው። መቆም ስንቅ ይጨርሳል፣ የእረፍት ፈቃድ ያሳልፋል፣ የወራት ዝግጅትን ያጓትታል። ሆኖም ጀልባዋን ከውኃ አውጥቶ ወንዙ ሲጎድል ከዚያው ቦታ መቀጠል ጉዞን ማቋረጥ አይደለም።

የኛው ዓባይ ከዚህ ይለያል። በጠባብ ገደል መካከል ስለሚፈስ የክረምት ሙላቱ የሚሰፋበት ሜዳ የለውም፤ ወደ ላይ ይነሣል እንጂ። እ.ኤ.አ. በ1965 ስዊድናዊው አርነ ሩቢን ከሻፋርታክ ድልድይ ተነሥቶ ብቻውን በታንኳ እስከ ሱዳን ወርዷል። ከሦስት ዓመት በኋላ በጆን ብላሽፎርድ ስኔል የተመራውና በርካታ ሰዎችን፣ ጀልባዎችንና የጦር ሠራዊት ድጋፍን ያሰለፈው ጉዞ ግን አንድ አባሉን ወንዝ ሲሻገር አጥቷል። የሰው ብዛትም ሆነ የመሣሪያ ብርታት ከሙላት ጋር ለመታገል ዋስትና አልሆነም።

በክረምት መንገድ የሄደ የአገራችን ገበሬ ይህን ለማወቅ ስሌት አላስፈለገውም። ደራሽ ውኃ የወረደበት ወንዝ ዳር ሲደርስ ጭነቱን አውርዶ፣ አህያውን አስሮ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ እስኪጎድል ይጠብቃል።