መብራት ለቀናት ሲቋረጥ በደጋ ቤቶች የሚደርስ የጤና አደጋና መከላከያው

መግቢያ

በአርሲ ደጋማ ስፍራዎች ክረምቱ ሲበረታ ነጎድጓድ፣ በረዶና ብርቱ ነፋስ የተቀላቀለበት ዝናብ በየዓመቱ የሚጠበቅ ነው። ከአሰላ በስተሰሜን ምሥራቅ እንደምትገኘው እንደ ሲሬ ባሉ ከተሞችና በዙሪያቸው ባሉ ቀበሌዎች የኤሌክትሪክ መስመር በሚያልፍበት ዳር የባሕር ዛፍ ተክል አይጠፋም። ዛፍ በሽቦ ላይ ሲወድቅ፣ ወይም ዝናብ ያራሰው መሬት ምሰሶውን መያዝ ሲያቅተው መብራት ይጠፋል። መንገዱ ጭቃ ከሆነም የጥገና ሠራተኞች እስኪደርሱ ቀናት ሊያልፉ ይችላሉ።

ስለ መብራት መቋረጥ ሲነሣ የጤና ባለሙያው ሐሳብ በቅድሚያ ወደ ክትባት ማቀዝቀዣውና ወደ ማዋለጃ ክፍሉ ማምራቱ ተገቢ ነው። ይህ ጽሑፍ ግን የሚመለከተው የበሽተኛውን ቤት ነው። መልእክቱም አጭር ነው፤ በእንዲህ ያለ ጊዜ ሰውን ይበልጥ የሚገድለው ጨለማው ሳይሆን በኤሌክትሪክ ምትክ ወደ ቤት የሚገባው ነገር ነው። ከእነዚህም መካከል በብርዳማው ደጋ ቀዳሚው በተዘጋ ክፍል ውስጥ የሚቀመጥ የከሰል ፍም ነው።

ከሌላው ዓለም የሚገኝ ትምህርት

ሀብታም አገሮች እንኳ ይህን ትምህርት የቀሰሙት በሰው ሕይወት ዋጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ የአሜሪካን ደቡባዊ ጠረፍ ከመታ በኋላ ባሉት ሳምንታት በሦስት ግዛቶች 51 ሰዎች በካርቦን ሞኖክሳይድ መመረዛቸውና ከእነርሱም 5ቱ መሞታቸው ተመዝግቧል። ዋነኛው መንስኤ መብራት በመጥፋቱ ምክንያት የተነሡ አነስተኛ ጄኔሬተሮች ነበሩ።

እ.ኤ.አ. በየካቲት 2021 በቴክሳስ የበረዶ ማዕበል በሚሊዮን የሚቆጠሩ ቤቶችን ያለ መብራት ሲያስቀር፣ ብዙ ቤተሰቦች ለሙቀት ብለው ከሰልና ጄኔሬተር ወደ ቤት አስገቡ፤ መኪናቸውንም በጋራዥ ውስጥ አስነሡ። በሂውስተን ከተማ ከሞቱት መካከል የኢትዮጵያ ተወላጆች ይገኙበታል። የከሰል ፍም አደገኛነት በሚነገርበት አገር የተወለደ ሰው፣ የመኪና ሞተር የሚያወጣው ጋዝም ያው መሆኑን ላያስተውል ይችላል። አደጋው ከባህል ወይም ከድህነት ብቻ የሚመጣ ሳይሆን ብርድ፣ ጨለማና የተዘጋ በር በተገናኙበት ሁሉ የሚደርስ ነው።

ማሪያ የተባለው አውሎ ነፋስ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2017 ፖርቶሪኮን መትቶ መብራት ለወራት ሲቋረጥ፣ መንግሥት በመጀመሪያ ያስታወቀው የሟቾች ቁጥር 64 ነበር። በቀጣዩ ዓመት የተደረገው ጥናት ግን ከማዕበሉ ጋር የተያያዘውን የሞት ብዛት 2,975 አድርሶታል። ይህም ልዩነት የሚያሳየው ከነፋሱ በኋላ ባሉት ሳምንታት ሕክምናቸውና መድኃኒታቸው የተስተጓጎለባቸው ሰዎች ሞት በቀላሉ ከቁጥር ውጭ እንደሚሆን ነው።

ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚገድለው እንዴት ነው?

ከሰል በቂ አየር ሳያገኝ ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣዋል። ይህ ጋዝ ቀለም፣ ሽታና ጣዕም የለውም። ከሄሞግሎቢን ጋር ያለው የመጣበቅ ኃይል ከኦክሲጅን ከ200 ጊዜ በላይ ስለሆነ፣ በአየር ውስጥ ያለው መጠን ትንሽ ቢሆንም ቀስ በቀስ የኦክሲጅንን ቦታ ይይዛል። በሄሞግሎቢን ላይ የቀረው ኦክሲጅንም ወደ ሕዋሳት በቀላሉ እንዳይለቀቅ ያደርጋል። በመሆኑም በመጀመሪያ የሚጎዱት ብዙ ኦክሲጅን የሚሹት አንጎልና ልብ ናቸው።

በኅብረተሰቡ ዘንድ የከሰል ጉዳት የሚታወቀው በጭሱ ነው። ስለሆነም ከሰሉ በደጅ ተቀጣጥሎ ጭሱ ከወጣና ፍሙ ከቀላ በኋላ ወደ ቤት ቢገባ እንደማይጎዳ በብዙዎች ይታመናል። ይህ እምነት ስሕተት ነው። የቀላ ፍም ጭስ ባይኖረውም ካርቦን ሞኖክሳይድ ማውጣቱን አያቆምም፤ እንዲያውም ዓይን የሚያቃጥልና የሚያስል ጭስ ባለመኖሩ ሰው ሳይሸሽ ይተኛል። አመድ የለበሰ ፍምም እንዲሁ ነው።

በደጋ የሚብስበት ምክንያት

የመጀመሪያው ምክንያት የአየሩ ሁኔታ ነው። 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኘው በአሰላ የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ወደ ሳንባ የሚገባው ኦክሲጅን በዚሁ መጠን ስለሚቀንስ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ለሚቀማው ኦክሲጅን ያለው መጠባበቂያ አነስተኛ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የቤት አሠራር ነው። በሣር ክዳን ቤት ጭስና ጋዝ በክዳኑ መካከል ማምለጫ ያገኛል። በብሎኬት የተሠራ፣ ኮርኒስ የተገጠመለትና የብረት በርና መስኮት ያለው ቤት ግን ብርድን እንደሚከላከል ሁሉ ጋዙንም ይይዛል። የኤሌክትሪክ ምድጃና ምጣድ ይጠቀም የነበረ ቤተሰብ መብራት ሲጠፋበት የከሰል ማንደጃውን የሚያስገባው በአብዛኛው ወደዚህ ዓይነት ቤት ነው።

ሦስተኛው ምክንያት አራስ ቤት ነው። አራስና ጨቅላ ብርድ እንዳይመታቸው በሚል በሩ ተዘግቶና ቀዳዳው ተደፍኖ ማንደጃ በአልጋው አጠገብ ይቀመጣል። በቤቱ ውስጥ ከሁሉ ይበልጥ አቅም ያነሳቸው ሰዎች ከሁሉ ይበልጥ ለተመረዘ አየር የሚጋለጡት በዚህ መንገድ ነው። ነፍሰ ጡርም እንዲሁ ልዩ ጥንቃቄ ትሻለች፤ የጽንሱ ሄሞግሎቢን ካርቦን ሞኖክሳይድን ከእናቲቱ ይልቅ አጥብቆ ስለሚይዝና ዘግይቶ ስለሚለቅ፣ እናቲቱ ደኅና መስላ ሳለ ጽንሱ ሊጎዳ ይችላል።

ሕመምተኛው ሲመጣ

የመመረዝ ምልክቶቹ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ማስመለስ፣ ድካምና የሐሳብ መዘበራረቅ ናቸው። እነዚህም በጉንፋን፣ በታይፎይድ ወይም በምግብ መመረዝ በቀላሉ ይሳሳታሉ። ጥርጣሬን የሚያጠናክሩት ነጥቦች የሚከተሉት ናቸው፤ ከአንድ ቤት የመጡ ሁለትና ከዚያ በላይ ሰዎች በአንድ ጊዜ መታመማቸው፣ ትኩሳት አለመኖሩ፣ ሕመሙ በሌሊት ወይም በማለዳ መጀመሩና ወደ ደጅ ሲወጡ መሻሉ። በሕመምተኛው ቋንቋ፣ በአፋን ኦሮሞም ይሁን በአማርኛ፣ «ትናንት ማታ ከሰል ቤት ውስጥ ነበር?» ብሎ መጠየቅ ከብዙ ምርመራ ይበልጣል።

በጣት ላይ የሚደረገው ተራ የኦክሲጅን መለኪያ በዚህ ሁኔታ ያሳስታል። መሣሪያው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተሸከመውን ሄሞግሎቢን ኦክሲጅን ከተሸከመው ስለማይለይ፣ በከባድ ሁኔታ የተመረዘ ሰው መደበኛ ቁጥር ሊያሳይ ይችላል። በመማሪያ መጻሕፍት የሚጠቀሰው የቆዳ መቅላትም እምብዛም ስለማይታይ እርሱን መጠበቅ አይገባም።

እርዳታው በቅደም ተከተል እንደሚከተለው ይሰጣል። ረዳቱ አስቀድሞ በርና መስኮት ከፍቶ፣ ራሱን ሳያጋልጥ ሕመምተኛውን ወደ ደጅ ያወጣል። ራሱን የሳተውን በጎኑ ያስተኛል፤ የአየር ቧንቧውንም ያጸዳል። ክብሪት ማሽተትና ወተት መጋት ምንም ጥቅም የላቸውም፤ ራሱን ለሳተ ሰው የሚጋት ወተት ወደ ሳንባ ገብቶ ሌላ አደጋ ያስከትላል። በጤና ተቋም ደግሞ የላቦራቶሪ ውጤት ሳይጠበቅ ከረጢት ባለው ጭንብል ኦክሲጅን በከፍተኛ ፍሰት ይሰጣል። በተራ አየር የጋዙ መጠን በደም ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ሲፈጅበት፣ በንጹሕ ኦክሲጅን ግን ከ60 እስከ 90 ደቂቃ ይበቃዋል። ስለዚህ የመለኪያው ቁጥር ጥሩ ነው ተብሎ ኦክሲጅኑ ሊነሣ አይገባም፤ ምልክቶቹ ሙሉ በሙሉ እስኪጠፉ ይቀጥላል፤ ለነፍሰ ጡርም ጊዜው ይረዝማል።

ራሱን የሳተ ወይም ስቶ የነቃ፣ የተንዘፈዘፈ፣ የደረት ሕመም ያለበት ሰው እንዲሁም ነፍሰ ጡር ኦክሲጅኑ ሳይቋረጥ ወደ ሆስፒታል ሊላኩ ይገባል። ከዳኑ በኋላም የመርሳት፣ የጠባይ መለወጥና የአካሄድ ችግር ከቀናት እስከ ሳምንታት ቆይቶ ሊታይ ስለሚችል፣ ቤተሰቡ ይህን አውቆ በወሩ ውስጥ ተመልሶ እንዲመጣ መንገር ያስፈልጋል።

የሚመከረው ምትክ

«ከሰል አታስገቡ» ማለት ብቻውን በብርድ ሌሊት የሚሠራ ምክር አይደለም። ከሰሉ በደጅ ወይም በሩ በተከፈተ ማድ ቤት ይነድዳል፤ ውሃም ይፈላበታል። የሞቀው ውሃ በጠርሙስ ተሞልቶ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ አልጋውን ያሞቃል፤ ሆኖም በጨቅላው ገላ ላይ ሊያርፍ አይገባም። ጨቅላው ኮፍያ አድርጎ፣ ገላው ከእናቱ ደረት ጋር ተነካክቶ፣ ሁለቱም በጋቢ ወይም በብርድ ልብስ ቢሸፈኑ ከማንደጃው የተሻለና የማያቋርጥ ሙቀት ያገኛል። ቤተሰቡ በእነዚያ ሌሊቶች በአንድ ክፍል ቢተኛም ይበጃል። በምንም ምክንያት ፍም ወደ ክፍሉ ቢገባ እንኳ፣ ከመኝታ በፊት መውጣት አለበት።

ጄኔሬተር ያለው ሰው ከቤት ውጭ፣ ከበርና ከመስኮት ቢያንስ 6 ሜትር አርቆ ሊያስነሣው ይገባል። ከቤቱ የመብራት መስመር ጋር በቀጥታ ማገናኘት ኃይሉን ወደ ውጭው ሽቦ መልሶ በመላክ የጥገና ሠራተኛውን ሊገድል ይችላል።

ኢንሱሊንን በሚመለከት

ማቀዝቀዣው ከቆመ ኢንሱሊኑ ተበላሽቷል ብሎ መርፌውን የሚያቋርጥ ሕመምተኛ ሊያጋጥም ይችላል። በተለይ የዓይነት አንድ ስኳር ሕመም ላለበት ሰው ይህ ውሳኔ በቀናት ውስጥ ለኪቶአሲዶሲስ ይዳርጋል። ኃይሉ በመጠኑ የቀነሰ ኢንሱሊን ጨርሶ ከሌለ ኢንሱሊን ይሻላል።

በእርግጥ ያልተከፈተ ኢንሱሊን በረጅም ጊዜ የሚቀመጠው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ሆኖም በሥራ ላይ ያለ ጠርሙስ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ በማይበልጥ ሙቀት ለ4 ሳምንታት ያህል ይቆያል። የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲና ድንበር የለሽ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2021 ያሳተሙት ጥናት፣ ከ25 እስከ 37 ዲግሪ በሚለዋወጥ ሙቀት ለ4 ሳምንታት የተቀመጡ የኢንሱሊን ዓይነቶች ኃይላቸውን እንደጠበቁ አሳይቷል። በአርሲ ደጋ የክረምት ቀን የክፍል ሙቀት በአብዛኛው ከ25 ዲግሪ በታች ነው። በዚህ ረገድ ደጋው ለሕመምተኛው ባለውለታ ነው።

ስለሆነም ሕመምተኛው ጠርሙሱን ከፀሐይና ከማንደጃ አርቆ በቤቱ ቀዝቃዛ ጥግ ያስቀምጥ፤ ከማቀዝቀዣ የወጣበትን ቀን ይጻፍበት። ወደ ቆላ የሚወርድ ከሆነ ጠርሙሱን በላስቲክ ጠቅልሎ፣ ርጥብ አሸዋ በያዘ ትልቅ ሸክላ ውስጥ በተቀመጠ ትንሽ ማሰሮ ያኑረው። በበረዶ ላይ በቀጥታ ማስቀመጥ ግን አይፈቀድም፤ የቀዘቀዘና በረዶ የሆነ ኢንሱሊን መጣል አለበት። ጥርት ማለት የሚገባው ከደፈረሰ፣ ወይም ነጩ ኢንሱሊን ከተቀላቀለ በኋላም ከጓጎለ አይወጋም።

ላምባ፣ ሻማና የወደቀ ሽቦ

ለኩራዝ የሚገዛ ላምባ ብዙ ጊዜ በሃይላንድ ጠርሙስ ስለሚቀመጥ ሕፃናት ውሃ መስሏቸው ይጠጡታል። እንዲህ ያለውን ሕፃን ማስመለስ ላምባውን ወደ ሳንባ ስለሚያስገባ ክልክል ነው፤ አተነፋፈሱን እየተከታተሉ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ማድረስ ይገባል። ሻማና ኩራዝ ከስፖንጅ ፍራሽና ከአጎበር መራቅ አለባቸው። ለተቃጠለ ገላ ለ20 ደቂቃ ቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ ማፍሰስ ይበቃል፤ ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙናም ሆነ አመድ አይቀባም።

መብራት የጠፋበት መንደር የወደቀው ሽቦ ኃይል የለውም ማለት አይደለም፤ በማንኛውም ቅጽበትም ሊመለስ ይችላል። ሽቦውንም ሆነ የነካውን ቆርቆሮና አጥር ከ10 ሜትር በላይ ርቆ ሰዎችንና ከብቶችን መከልከል፣ ለኤሌክትሪክ አገልግሎት በ905 መደወል ያስፈልጋል። በርጥብ እንጨት ሰውን ለማላቀቅ መሞከር ሁለተኛ ሰው ይጨምራል። በቤት ውስጥም ምጣድ፣ ምድጃና ካውያ ከሶኬት ይነቀሉ፤ ሌሊት በድንገት የሚመለስ መብራት እሳት የሚያስነሣው በእነርሱ ነው።

ውሃና ምግብ

ፓምፑ በኤሌክትሪክ የሚሠራ የከተማ ውሃ አብሮ ስለሚቋረጥ ሰው ወደ ምንጭና ወደ ወንዝ ይመለሳል። ይህ ውሃ ፈልቶ ወይም በክሎሪን ታክሞ ሊጠጣ ይገባል፤ በቤት ውስጥም ለተቅማጥ የሚሆን ኦ.አር.ኤስ. ቢኖር መልካም ነው። በማቀዝቀዣ ያለ ሥጋ፣ ወጥና ወተት በሩ ሳይከፈት ለ4 ሰዓት ያህል ይቆያል፤ ሙሉ የሆነ የበረዶ ሣጥን ደግሞ እስከ 48 ሰዓት ይይዛል።

ማጠቃለያ

ከክረምቱ መግባት በፊት እያንዳንዱ ጤና ጣቢያ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ጋር በመሆን ኢንሱሊን የሚወጉትን፣ በኤሌክትሪክ መሣሪያ የሚተነፍሱትን፣ መውለጃቸው የደረሰውንና አራሶችን በየቀበሌው ቢመዘግብ፣ መብራት በጠፋ በማግሥቱ የማንን በር አስቀድሞ ማንኳኳት እንዳለበት ያውቃል። በዚያም በር ላይ የሚጠየቀው የመጀመሪያ ጥያቄ «ማታ የምትሞቁት በምንድን ነው?» የሚል ይሁን። መብራቱን መመለስ የጤና ባለሙያው ሥራ አይደለም፤ መብራቱ እስኪመለስ ድረስ ፍሙ ከመኝታ ክፍሉ ውጭ እንዲያድር ማስተማር ግን የእርሱ ሥራ ነው።